ማናፈሻው ይሠራል

ጥቅምት 4

ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ዓይንህን አጥብበህ «እስቲ ቀና በይ» ስትለኝ ይታየኛልና ከወዲሁ ልናዘዝ። ሦስት ደብዳቤህን ሳልመልስ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። የምጽፈው ሁሉ ወይ ውሸት፣ ወይ ማስደንገጫ እየሆነብኝ ስቀድ ከረምኩ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን ላልከው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ካንተ ድምፅ በፊት ፉጨት ነው የሚቀድመኝ። ግራውስ ጭራሽ አይረባም። ባለፈው «እማዬ ደከመች» ስትለኝ «እሰየው!» ያልኩህ ለዚያ ነው። «አገገመች» ያልከኝ መስሎኝ ነበር። ዘግተህብኝ ስታበቃ አጠገቤ ሆኖ የሰማው ባለቤቴ ሲነግረኝ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ይቅር በለኝ፤ እማዬንም ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ስለ ሥራዬ ላልከው፣ የተኩስ አሠልጣኝ ከሆንኩ አራት ዓመት ሞላኝ። ፖሊስ ሲባል ሌባ ሳባርር ይታይህ ይሆናል፤ እኔ የማባርረው የለም። የተኩስ ቤታችን ከመሬት በታች ነው። መስኮት የለውም፤ አንድ የብረት በርና ስድስት መተኮሻ መስመር አለው። በአንድ ዙር አርባ ምልምል ይመጣል። ጠዋት ሲገቡ ነጭ የነበረው ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ይጨልማል። ተኩሱ ሲያልቅ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ቀለሁን በመጥረጊያ ሰብስበን፣ ወለሉን ጠርገን እንወጣለን። ባልደረባዬን «መለከት» ነው የምንለው። ጆሮው እየከዳው በሄደ ቁጥር ድምፁ እየጨመረ መጥቶ፣ ሹክሹክታው ለግቢው ሁሉ ይሰማል።

በፎቶው ላይ ከስተሻል ላልከው፣ የመዝናኛ ክበባችን ምግብ ስለማይስማማኝ ይመስለኛል። ሆዴን ይቆርጠኛል። አፌ ደግሞ ሁልጊዜ ሳንቲም የጎረስኩ ይመስል ብረት ብረት ይለኛል። ድካም ነው፤ ያልፋል።

ባለቤትህ በደብዳቤህ ጫፍ ላይ ለጨመረችው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው በላት። ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ለእማዬ ግን ገና አትንገሯት፤ ስምንት ዓመት የጠበቀችውን ነገር አፍጥኜ ልሰጣት ፈራሁ።

እህትህ


ጥቅምት 19

እህቴ፣

ሰላምታውን እማዬ ታድርስልሽ፤ እኔ ዛሬ ለሰላምታ ትዕግሥት የለኝም። የምሥራቹን ባለቤቴ ሰምታ እልል ልትል ስትል አፏን የያዝኳት እኔ ነኝ። እልልታ ጠልቼ አይደለም። «ሳንቲም የጎረስኩ ይመስል» ያልሽውን አራት ጊዜ ደጋግሜ ስላነበብኩት ነው።

አንቺ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ባትሪ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ ጣዕም ሳንቲም አይደለም። እርሳስ ነው። ጥይታችሁ ሆዱ እርሳስ ነው፤ ሲተኮስ ይበናል፣ ስትጠርጉት እንደገና ይነሳል፣ እናንተም ትምጉታላችሁ። የክበቡን ወጥ ቤት አትሚያት፤ እሷ ንጹሕ ናት።

እኔን ሥራ ያስተማረኝን ሰውዬ ታስታውሻለሽ? ያንን ረጅሙን፣ ትከሻው ላይ ያዞርሽ የነበረውን። መጀመሪያ ሆዱን አመመው። ቀጥሎ ነገር መርሳት ጀመረ። አንድ ቀን ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል እጁ ከአንጓው ላይ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ከዚያ ወዲህ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ቆልፎ አያውቅም፤ ሚስቱ ናት የምታለብሰው።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ደምሽን አስመርምሪ፤ «የእርሳስ መጠን» ብለሽ ጠይቂ፣ እንዲሁ «ምርመራ» ካልሽ ሽንትሽን ዓይተው ይመልሱሻል። የሥራ ልብስሽን ለብሰሽ ቤት አትግቢ። ፊትሽንና እጅሽን ሳትታጠቢ አፍሽ ላይ ምንም አታድርጊ። በደረቁ መጥረግ ዛሬውኑ ይቁም። ወተት ያጥበዋል የሚሉሽንም አትስሚ፤ እኛም ስንጋተው ኖረን ያተረፍነው ሆድ መነፋት ነው።

ከሁሉም በላይ ከዚያ ጉድጓድ ውጪ። ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳ ከአንቺ ደም ነው የሚቀዳው።

የእኔ ቀጣሪ ስስታም ነው፤ ፈገግታውን እንኳ ቆጥቦ ነው የሚሰጥ። ቢሆንም ጭስ መሳቢያ አስገብቷል። ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሱቁን እንዳያሽግበት ፈርቶ ነው። የእናንተን ቤት ማን ያሽገው? አሻጊውም እናንተው!

ለመሆኑ ማናፈሻ የለውም? ካለውስ ይሠራል? የሚያየው፣ የሚፈርምበት ሰው የለም?

ወንድምሽ


ኅዳር 8

ጋሼ፣

እንዳልከኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ወደ ራሳችን ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። «የእርሳስ መጠን» ስለው ብዕሩን አቁሞ አየኝ።

«እርሳስ? የሚጻፍበት?»

«የለም፣ በጥይት ውስጥ ያለው።»

«በልጅነትሽ እርሳስ የማኘክ ልማድ ነበረሽ እንዴ?»

እየቀለደ መስሎኝ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ሲጽፈው አየሁ። የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቶ መለሰኝ። በማግስቱ ባለቤቴ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደኝና አንዲት ሐኪም ደሜን ወስዳ ወደ ሌላ ከተማ ላከችው። መለከትንም ጎትቼ ወሰድኩት። «መርፌ እፈራለሁ» ብሎ ሲጮህ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየን። እንዲህ ያለ ሰው በቀን ሁለት ሺህ ጥይት መሀል ቆሞ ይውላል።

አዛዡ ዘንድም ገባሁ። ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁና ነገርኩት። ጭሱን፣ ሆዴን፣ ነፍሰ ጡር መሆኔን፣ ሁሉንም። ወረቀት ሲያገላብጥ ቆየና ቀና ሳይል፣

«ሳጅን፣ ፖሊስ ጥይት ይፈራል እንዴ?» አለኝ።

«ጥይቱን አይደለም ጌታዬ፣ ጭሱን ነው።»

«እኔ ምልምል ሳለሁ ጭሱን እየዋጥን ነው ያደግነው። ይኸው አለሁ።»

«ሌላ ክፍል ያዛውሩኝ። እስክወልድ ብቻ።»

«ዙሩ ይለቅ። ከዚያ እናያለን።»

ዙሩ ስድስት ሳምንት ነው፤ ገና ሁለተኛው ላይ ነን። ጋሼ፣ ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ ምልምሎቹን «አደጋ ያየ ሰው እጁን አንሥቶ ‹ተኩስ አቁም› ይበል፤ ማንም ይሁን ማን ሁሉም ያቆማል» እያልኩ አስተምሬያለሁ። እኔ እጄን ሳነሳ ግን ማንም አላቆመም።

ለጊዜው አፍንጫዬን በጨርቅ እሸፍናለሁ። ወለሉን ውሃ ረጭተን እንወለውላለን። መለከት «ከአሠልጣኝነት ወደ ወልዋይነት አደግን» እያለ ይስቃል፤ ሲወለውል ግን መወልወያው እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ማናፈሻ አለ ወይ ላልከኝ፣ አለ። ፍርግርጉ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች። የሚፈርምበት ሰው አለ ወይ ላልከኝ... እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።

እህትህ


ኅዳር 22

እህቴ፣

ባለቤትሽ ደውሎልኛል።

ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ያንን የሰውዬውን እጅ ታሪክ የጻፍኩልሽ ጊዜ ልብሽ ምን ብሎ ይሆን እያልኩ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። ይቅር በይኝ። ማስፈራራት ያድናል የሚመስለው ሞኝ ወንድም ነው ያለሽ።

እማዬ ስለማታውቅ አላዘነችም፤ ያላወቀችውም አንቺ እንዳልነግራት ስላደረግሽ ነው። ትናንት ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ «ልጄ ደህና ናት?» አለችኝ። «ደህና ናት» አልኩ። «እንግዲያው ለምን ሦስት ቀን ሙሉ ሳትበላ ተነሳህ?» አለችና ትታኝ ገባች። እናት አትታለልም።

ባለቤትሽ ሲናገር ድምፁ ይቆራረጥ ስለነበር ሁሉንም አልሰማሁም። እንግዳችንን ከማጣት አልፎ ሌላ ነገር እንዳለ ግን ገብቶኛል። «ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሳለች አንድ ወረቀት አመጡላት» ያለኝ ምንድን ነው? ማነው ያመጣው? በዚያ ሰዓት ምን ዓይነት ሰው ነው ወረቀት ይዞ የሚመጣ? እኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ መጥቼ የአዛዥሽ በር ላይ ብቀመጥስ? መሣሪያ የለኝም፤ ምላስ ግን አለኝ። «ልጆችህን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ቀን አውላቸው፤ ከዋሉ እኔ እሄዳለሁ» ብዬ ብቻ ልጠይቀው።

«አትምጣ» ካልሽኝ አልመጣም። ዝም በል ግን አትበይኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12

ጋሼ፣

አትምጣ። በሩ ላይ መቀመጥ ያለበት ሰው አንተ አይደለህም።

አልጋ ላይ ስድስት ቀን ቆየሁ። ስለዚያ አልጽፍልህም፤ ስንገናኝ ምናልባት። የደም ውጤቱ በአራተኛው ቀን መጣ። የእኔ ሃምሳ ሁለት ነው። ሐኪሟ «ከአምስት ካለፈ ምንጩን ፈልጉ ነው የምንለው» አለችኝ። መለከት ሰባ አንድ ነው። ሲነግሩት «ፈተና ቢሆን አልፌ ነበር» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ሆስፒታሉ አስተኝቶ መድኃኒት ጀምሮለታል።

ወረቀቱን ያመጣው የአዛዡ ጸሐፊ ነው፤ ብርቱካንም ይዞልኝ መጥቶ ነበር። «በግል የጤና ችግር ምክንያት» የሚል የእረፍት ማመልከቻ፣ ስሜ ተጽፎበት ያለቀ፣ ፊርማዬ ብቻ የጎደለ። «የሥራ ጉዳት» የሚል ቃል የለበትም። አልፈርምም አልኩት። ያን ጊዜ ከቦርሳው ሌላ ጥራዝ አወጣ።

ጋሼ፣ የሚፈርምበት ሰው አለ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አለ። እኔ ነኝ።

በየወሩ የሚሞላ የሥራ ቦታ ደህንነት ቅጽ አለ። ሦስተኛው መስመር «ማናፈሻው ይሠራል» ይላል፤ ጎኑ ላይ ባዶ ሳጥን አለ። ማናፈሻው የቆመ ወር «አይሠራም» ብዬ ሞላሁ። ቅጹ ተመለሰልኝ። «እንዲህ ከሞላሽው የተኩስ ቤቱ ይዘጋል፤ ዙሩ ይቋረጣል፤ ጥገና ጠይቀናል፣ ለጊዜው ምልክት አድርጊ» አሉኝ። አደረግሁ። ለጊዜው የተባለው አሥራ ዘጠኝ ወር ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በራሴ እጅ ምልክት አድርጌ፣ ፊርማዬን አስቀምጬ፣ ሸረሪቷን ቀና ብዬ እያየሁ ወጥቻለሁ።

ጸሐፊው ጥራዙን ደረቴ ላይ አስቀምጦ «ሳጅን፣ ክስ ካነሳሽ መጀመሪያ የምትከሰሺው አንቺ ነሽ። አዛዡ እየጠበቁሽ ነው እንጂ እየጎዱሽ አይደለም» አለኝ። ብርቱካኑን ትቶልኝ ሄደ።

ባለቤቴ የፊርማዬን ነገር እስካሁን አያውቅም። በአሥራ ዘጠኙ ወር አምስት ዙር ምልምል አልፏል፤ ሁለት መቶ ልጅ ነው። ልጄንም... እሱን መጻፍ አልችልም። ምን ላድርግ?

እህትህ


ታኅሣሥ 28

እህቴ፣

እውነት እንድነግርሽ ትፈልጊያለሽ? ተናደድኩብሽ። ደብዳቤሽን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ፣ ሙሉ ቀን አንድ ባትሪ እንኳ በትክክል ሳልገጥም ዋልኩ። «እንዴት ትፈርማለች?» እያልኩ ለራሴ ስጮህ ሰዎቹ አበደ ብለው ሸሹኝ።

ማታ እጄን ስታጠብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ሰውዬ እጁ ከመውደቁ በፊት ባለው ዓመት ተቆጣጣሪ መጥቶ «ጓንት ይሰጧችኋል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ቀጣሪው ከኋላ ቆሞ ነበር። እኔ «አዎ» አልኩ። ጓንት ዓይቼ አላውቅም። «አዎ» ያልኩት እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ነው። ተቆጣጣሪውም አመስግኖኝ ሄደ። ይህን ለማንም፣ ለባለቤቴም ነግሬ አላውቅም። ስለዚህ ቁጣዬን ወደ ራሴ መልሼ፣ የተረፈውን ወደሚገባው ሰው እልካለሁ።

ማነው ፊርማ ለምኖ ወስዶ፣ መልሶ በፊርማው ሰውን የሚያንቅ? እሱ ቅጽ እኮ የተሠራው አንቺን ሊጠብቅ ነው። ጋሻሽን ወስደው ዱላ አደረጉብሽ። ያንን ጥራዝ ደረትሽ ላይ ያስቀመጠው እጅ ግን አንድ ነገር አላሰበም፤ ማስረጃው ያንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ «አይሠራም» ብለሽ የሞላሽው የት ደረሰ? ማን መለሰው? ፈልጊው።

ለባለቤትሽ ዛሬ ንገሪው። በሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ካንቺ ይስማ። ከዚያ በራስሽ እጅ ጻፊ። «አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ዋሽቻለሁ» ብለሽ ጀምሪ። በዚያ ከጀመርሽ የሚያስፈራሩሽበት ነገር አይቀራቸውም። ቅጣት ካለው ተቀጪ። ከዚያ ግን ማንም ምልምል እዚያ ጉድጓድ እንዳይገባ አድርጊ። እንዴት እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ፤ ተኩስ ማስቆም የሚባለውን ሥራ የማውቀው እኔ አይደለሁም።

ለእማዬ ነግሬያታለሁ። «ልጄ ቤት ትምጣ» ብቻ አለች።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ጋሼ፣

የዘገየሁት ሁሉ ነገር አንድ ላይ ስለሆነብኝ ነው። በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። አልጮኸም። ወጥቶ ሄደ፤ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው አጠገብ መጥቶ ተቀመጠና «የምትጽፊውን አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። «‹ተገድጄ› የሚለውን አውጪው። ተለምነሽ ነው የፈረምሽው» አለኝ። አወጣሁት።

«አይሠራም» ያልኩበትን የመጀመሪያውን ቅጽ ያገኘችው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት። እምብዛም የማንነጋገር ሰዎች ነን። ለምን እንደፈለግሁት ነገርኳት፤ በማግስቱ አጠገቤ ስታልፍ የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች። በጠርዙ ላይ በአዛዡ እጅ «ይታረምና ይቅረብ» ተብሏል። እንዲታረም የታዘዘው ማናፈሻው አይደለም፣ ቅጹ ነው።

ማመልከቻውን ለሠራተኛ ደህንነት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትና ለበላይ ዋና መምሪያ ላክሁ። መልስ ሳይመጣ አዲሱ ዙር ደረሰ። አርባ ሁለት ምልምል፣ ከእነሱ አሥራ አንዱ ሴቶች፣ በብረቱ በር ፊት ተሰለፉ። እኔ ገና ሐኪሟ በሰጠችኝ እረፍት ላይ ነበርኩ። የደንብ ልብሴን ለብሼ ሄድኩና በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

አዛዡ ራሱ ወረደ። «ሳጅን፣ ከበሩ ዞር በይ» አለኝ።

እጄን አነሳሁ። «ተኩስ አቁም!» አልኩ። ድምፄ ተንቀጥቅጧል ጋሼ፤ ጀግና ነበረች እንዳትል።

«ተኩስ የለም እኮ!» አለ።

«ስለሌለ ነው አሁን የማስቆመው።»

ወደ ምልምሎቹ ዞርኩና ደሜ ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ልጄን እንዳጣሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንደዋሸሁ ነገርኳቸው። «ገብታችሁ መተኮስ የምትፈልጉ ካላችሁ እኔ አንዲት ሴት ነኝ፣ ገፍታችሁኝ ማለፍ ትችላላችሁ» አልኳቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አዛዡ «ወደ ፊት!» ብሎ አዘዘ። ያን ጊዜ ከሆስፒታል ከወጣ ሳምንት ያልሞላው መለከት ከደረጃው ላይ ሆኖ፣ በዚያ በነገርኩህ ድምፁ፣ «ባላችሁበት!» አለ። ግቢው በሙሉ ቆመ። ጥበቃው፣ ሾፌሮቹ፣ ወጥ ቤቷ ሳይቀሩ ወጥተው አዩን። አዛዡ ዙሪያውን አየና ምልምሎቹን ወደ ሜዳ መልሶ፣ እኔን ትጥቄን አስፈታኝ።

ተቆጣጣሪዎቹ የመጡት በዘጠነኛው ቀን ነው። የተኩስ ቤቱ ታሽጓል። ያለፉት ዙሮች ልጆች ተጠርተው ደማቸውን እየሰጡ ነው፤ እስካሁን ከተመረመሩት ሰባ የሠላሳ አንዱ ከፍ ብሏል።

እኔ ተቀጥቻለሁ። ሐሰተኛ ሰነድ በመፈረምና ትዕዛዝ በመጣስ ማዕረጌ አንድ እርከን ወርዶ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ተመድቤያለሁ። ስለ ፊርማው ቅሬታ የለኝም፤ ስለ በሩ ግን ይግባኝ ብያለሁ። የጉዳት ቅጼ ላይ «የሥራ ጉዳት» ተብሎ ተጽፏል። መለከት በጡረታ ሊሸኝ ነው። «የሚሰማኝ ሰው ባለበት ቦታ ልኑር» ይላል።

ስለ አዛዡ አትጠይቀኝ ልልህ ነበር፤ ልንገርህ። አልተቀጣም። «ለሥራው መቃናት» ተብሎ ሌላ ከተማ ወዳለው ማሠልጠኛ ተዛወረ። ኃላፊ ሆኖ። ሲሸኙት ስጦታ ተሰጥቶታል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሳህን ሰብሬያለሁ፤ ባለቤቴም ሁለተኛውን አቀበለኝ።

እህትህ


የካቲት 27

ጋሼ፣

የደሜ ቁጥር ወደ ሠላሳ ስምንት ወርዷል። የሆዴ ቁርጠትም ትቶኛል። «መቼ ነው የምትመጪው? እማዬ አልጋሽን አንጥፋ ጨርሳለች» ላልከኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ቲኬት ቆርጬ ነበር። ሊቀየር ነው። ተቆጣ፣ ግን አንብብ።

አዛዡ የሄደበት ማሠልጠኛም የተኩስ ቤት አለው። አሠልጣኟ ማን እንደሆነች ጠይቄ አገኘሁና ጻፍኩላት። አላውቃትም፤ አታውቀኝም። የደረሰብኝን ሁሉ ከነፊርማዬ ነገርኳትና፣ ቅጹን ከመሙላቷ በፊት እጇን ማናፈሻው ላይ አድርጋ ንፋስ መኖሩን እንድታይ ለመንኳት። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። እኔም ፈርታ ነው፣ አይፈረድባትም ብዬ ተውኩት።

መልሷ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም፣ ስም የለውም። እንዲህ ይላል፦

«እጄን የማደርግበት የለም። እዚህ ከመጀመሪያውም ማናፈሻ አልተሠራም። እዚህ የምንሠራው አሥራ ስድስት ነን። አዲሱ ኃላፊ ትናንት ሰብስበውን ‹ጭስ የሚፈራ አሁኑኑ ይውጣ› አሉን። ማንም አልወጣም። መቼ ትመጪልናለሽ?»

ባለቤቴ ቲኬቱን ወደዚያች ከተማ ሊያስቀይር ሄዷል። መለከትም አብሮን ይሄዳል። እማዬን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ አልጋውን ግን አታንሺው በላት።

እህትህ